የመምቻ ቤት ስሕተት ነው ወይስ የመዶሻ ሥራ?

በአሁኑ ጊዜ በየሰፈሩ አንድ ወሬ ይናፈሳል። ይኸውም አሮጌ ሳንቲም፤ በተለይም መልኩ ከወንድሞቹ የተለየ ሳንቲም፤ በብዙ ሺህ፤ አልፎ ተርፎም በሚሊዮን ብር ይሸጣል የሚል ነው። ወሬው ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም። ገንዘብ በሚመታበት ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የወጣ ሳንቲም በልዩ ልዩ አገር ፈላጊ አለው፤ አንዳንዱም በእውነት ውድ ነው። ነገር ግን አንድ እውነተኛ ስሕተት በሚገኝበት ስፍራ እጅግ ብዙ የተቀጠቀጠ፤ የተፋቀ፤ በእሳትም የተለበለበ ሳንቲም ይገኛል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ወይ የማይረባ ብረት በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ወይም ብርቅ የሆነውን ነገር «ይህስ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል።

እኔ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት 8ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ትንሽ ሱቅ ስላላቸው፤ ዛሬ በገበያ የሚፈልጋቸው የጠፋው ባለ 5ና ባለ 10 ሳንቲሞች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅመው ነበር። እነርሱን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር ስመረምር ከረምኩ። የክፍል ጓደኞቼ «ሳንቲም ለቃሚው» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ስሙን አልጠላሁትም። ከዚያ ቆርቆሮ የተማርኩት ነገር ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እነሆ ለመጽሔታችን አቅርቤዋለሁ።

አስቀድሞ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ብስኩት ከመጋገር ብዙ አይርቅም። እናቶቻችን ሊጡን ዳምጠው በብርጭቆ አፍ እየቈረጡ እንደሚያወጡት ሁሉ፤ በመምቻ ቤትም በመጀመሪያ ብረቱ ተዳምጦ እንደ ሰፊ ጥብጣብ ይሆናል፤ ቀጥሎም በቈራጭ መኪና ክብ ክብ እየሆነ ይወጣል። ይህን ገና ምስል የሌለውን ክብ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ልሙጥ» ብለን እንጥራው። ልሙጡ በእሳት ይለሰልሳል፤ ይታጠባል፤ ከዚያም በጠባብ መንገድ እየተንከባለለ ሲያልፍ ጠርዙ ተገፍቶ በጥቂቱ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ወደ መምቻው መኪና ይገባል። በዚያም ከላይና ከታች ምስል የተቀረጸባቸው ሁለት ጠንካራ ብረቶች አሉ፤ እነዚህን «ማኅተም» እንበላቸው። በዙሪያው ደግሞ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ የሚይዝ ቀለበት አለ። ሁለቱ ማኅተሞች ልሙጡን በብዙ ቶን ኀይል ይጨምቁታል፤ በዚያች ቅጽበት ብረቱ እንደ ሊጥ ሆኖ የማኅተሙን ጕድጓድ ሁሉ ይሞላል። ዘመናዊ መኪና ይህን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ700 ጊዜ በላይ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ፍጥነት አልፎ አልፎ ስሕተት መውጣቱ አያስደንቅም፤ እኔንስ የሚያስደንቀኝ የስሕተቱ ማነስ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። የመምቻ ቤት ስሕተት ማለት ከዚያች ቅጽበት በፊት ወይም በዚያችው ቅጽበት የደረሰ ነገር ነው። ጉዳት ማለት ግን ሳንቲሙ ምስሉን ይዞ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ያገኘው ሁሉ ነው። ስለዚህ እንግዳ መልክ ያለው ሳንቲም በእጃችን ሲገባ «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት «ይህ ነገር በሁለቱ ማኅተሞች መካከል ሊደርስ ይችላልን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ቀላሉን ላስቀድም። በሳንቲሙ ፊት ላይ ቀጭን መስመር ይታያል እንበል። ጥፍራችሁን በላዩ አሳልፉ። ማኅተም ብዙ ከመታ በኋላ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚገባውም ብረት በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሰው በሚስማር የጫረው መስመር ግን የጎደጎደ ነው፤ ከጕድጓዱ የተገፋውም ብረት በግራና በቀኝ እንደ እርሻ ትልም አፈር ቆሞ ይታያል። ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ ክር ወይም የብረት ብናኝ በልሙጡና በማኅተሙ መካከል ገብቶ አብሮ ሲጨመቅ የጎደጎደ ምልክት ይተዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ምልክት ውስጡ ልስልስ ነው፤ በዳሩም ተገፍቶ የቆመ ብረት የለበትም።

ፊደል ወይም ቍጥር ጠፍቶ ሲገኝም እንደዚሁ ነው። ቅባትና ቆሻሻ የማኅተሙን ጕድጓድ ከሞላው ብረቱ መግቢያ ያጣና ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል፤ ስፍራው ግን እንደ ሌላው የሳንቲሙ ሜዳ ያለ ነው። በሞረድ የተፋቀ ከሆነ በማጉያ መነጽር ሲታይ የሞረዱ ጭረቶች በአንድ ወገን ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ስፍራውም ከአካባቢው ዝቅ ያለ ይሆናል።

አሁን ከአባቴ ቆርቆሮ ወዳገኘሁት ሳንቲም ልምጣ። በ1969 ዓ.ም. ቀን የተመታ፤ የደጋ አጋዘን ምስል ያለበት ባለ 10 ሳንቲም ነው፤ በአንድ በኩል በጥርስ የተገመጠ ይመስላል። አባቴ «ይህን እንኳ ደንበኛ ሁሉ አልቀበልም እያለ ሲመልሰው የኖረ ነው፤ ጣለው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሦስት ነገር ተመለከትኩ። አንደኛ፤ ሌላ ባለ 10 ሳንቲም ወስጄ በግማጩ ውስጥ ባስቀምጠው ክቡ ከክቡ ጋር ገጠመ። ይህም የሆነበት ምክንያት ቈራጩ መኪና ጥብጣቡ በሚገባ ሳይገፋለት ቀርቶ፤ አስቀድሞ በወጣው ክብ ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ስለቈረጠ ነው። ብስኩት ስትቈርጡ ብርጭቆው ቀድሞ የተቈረጠበትን ስፍራ ቢነካ የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛ፤ በግማጩ አጠገብ ያሉት ፊደሎች በስለት እንደተቈረጡ ያህል ቀጥ ብለው አላለቁም፤ ብረቱ በሚጨመቅበት ጊዜ ወደ ባዶው ስፍራ ስለ ፈሰሰ ጥቂት ተለጥጠውና ደብዝዘው ነው የሚያልቁት። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። ከግማጩ ትይዩ፤ በሳንቲሙ ማዶ፤ ጠርዙ ሰነፍ ነው። ጠርዙ ከፍ የሚለው ልሙጡ ከሁለት ወገን ተጨምቆ ሲንከባለል መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። በአንድ በኩል ብረት ከጎደለ፤ በትይዩው በኩል የሚገፋ ኀይል ይጠፋል። መቀስ ወይም መጋዝ ይዞ አንድን ጤነኛ ሳንቲም የሚቈርጥ ሰው ግማጩን ሊያስመስል ይችል ይሆናል፤ በማዶ ያለውን ጠርዝ ማስነፍ ግን አይሆንለትም።

የፊዚክስ መምህራችን ፈቅደውልኝ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሚዛን ከሦስት ጤነኛ ወንድሞቹ ጋር መዘንኩት፤ ከሦስቱም ቀለለ። ሲመታ ጀምሮ ብረቱ ጎዶሎ ነበርና እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው። ሚዛን ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ተቈርጦ የተጎዳ ሳንቲምም ይቀላል።

አሁን ደግሞ ገንዘብ ሊጠፋበት ስለ ነበረ አንድ ነገር ልናገር። በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ዕቁብ ደርሷቸው ሳለ፤ አንድ ወጣት ባለ 50 ሳንቲም ይዞ መጥቶ በ6 ሺህ ብር እንዲገዙት ይጠይቃቸዋል። የውጭ አገር ሰው በዐሥር እጥፍ ይገዛዋል ብሏቸዋል። እማማ ከመክፈላቸው በፊት እኔን አስጠሩኝና «ልጄ፤ አንተ ይህን ታውቃለህ አሉኝ፤ እስቲ እየው» አሉኝ። በእርግጥም ሳንቲሙ እንግዳ ነበር። በአንበሳው ራስ ላይ የግራና ቀኝ የተገለበጡ ፊደሎች ጎድጉደው ይታዩበታል።

እውነተኛው እንዲህ ያለ ስሕተት አለ። የተመታ ሳንቲም ከመኪናው አልወጣም ብሎ በላይኛው ማኅተም ላይ ተጣብቆ ሲቀር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልሙጥ ከላይ የሚያገኘው ማኅተሙን ሳይሆን የተጣበቀውን ሳንቲም ፊት ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ወገን ምስሉ እንደ ወትሮው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ በሌላው ወገን ግን ያው ምስል ተገልብጦና ጎድጉዶ ይታተማል። ማለትም በታችኛው ማኅተም ላይ ያለው አንበሳ ቢሆን፤ ሳንቲሙ በሁለቱም ወገን አንበሳ ይኖረዋል፤ አንዱ ጕብ ያለ፤ አንዱ የሰመጠ። የሰመጠውም ጥርት ያለ ነው፤ ምክንያቱም በልሙጥ ላይ የታተመ ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ምስል የለም።

የእማማ ሳንቲም ግን ከተገለበጡት ፊደሎች ሥር አንበሳው አለ፤ ያውም ጎፈሩ ተደፍጥጦ። ገልብጬ ባየው በጀርባው ያሉት የሰዎች ምስሎች ፊታቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ያብለጨልጫል። ይህ የሆነው ሁለት ሳንቲሞች ፊትና ፊት ተጋጥመው በሞርሳ ስለ ተጨመቁ ነው፤ የአንዱ ምስል በሌላው ላይ ሲሰምጥ፤ ጀርባው ደግሞ በሞርሳው መንጋጋ ተደፈጠጠ። ወጣቱ «ልጅ ምን ያውቃል» ቢልም፤ እኔ ለእማማ ሳሙና አስመጥቼ በቃላት ያልገባቸውን በዐይናቸው አሳየኋቸው። በአንድ ንጹሕ ሳሙና ላይ አንድ ሳንቲም ብጫን ጥርት ያለ የተገለበጠ ምስል ወጣ። ምስል ባለበት በዚያው ስፍራ ላይ ሌላ ሳንቲም ብደግም ሁለቱ ተደባልቀው የእርሱን ሳንቲም መሰሉ። እማማ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው ካዩ በኋላ «ገንዘቤ ከእኔ ጋር ይደር» ብለው ቦርሳቸውን ዘጉ። ወጣቱ እርሱም ከሌላ ሰው እንደ ገዛው ነው የተናገረው፤ ይህ እውነት ከሆነ አሳዝኖኛል።

ወደ ሌላ አገር ምሳሌ ልለፍ፤ እዚያ ነገሩ ለረጅም ጊዜ የተጠና ነውና። በአሜሪካ በ1955 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተመቱት ባለ 1 ሳንቲሞች መካከል ሃያ ሺህ ያህሉ ቀኑና ጽሑፉ ድርብ ሆኖ ወጥቶ በገበያ ተሰራጭቷል። ስሕተቱ ያለው በሳንቲሙ አመታት ላይ ሳይሆን በማኅተሙ አሠራር ላይ ነው። ማኅተሙን ለመሥራት ከእናቱ ምስል ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫኑት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ በጥቂቱ ዞሮ ስለ ተጫነ በማኅተሙ ላይ ሁለት ጽሑፍ ተቀረጸ። ስለዚህ ከዚያ ማኅተም የወጣው ሳንቲም ሁሉ በአንድ ዐይነት ድርብ ነው፤ ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ቁመትና ክብነት አላቸው። ከዚህ ጋር የሚያምታታ ሌላ ድርብነት አለ። ማኅተሙ በመኪናው ላይ ላልቶ በሚመታበት ጊዜ ከተንቀጠቀጠ፤ ያወጣውን ፊደል መልሶ በጎኑ ይገፋዋል። ይህ በፊደሉ ጎን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ፊደሉንም ያቀጥነዋል እንጂ አያሰፋውም። በመምቻ ቤት የደረሰ ቢሆንም ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም። በሰው እጅ ያለ ድርብ ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ነው።

ባለ ሦስት እግሩ ጎሽም እንዲሁ የታወቀ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በዴንቨር መምቻ ቤት አንድ ማኅተም ተጎድቶ ኖሮ፤ ጉዳቱን ለማጥፋት ሲያለሰልሱት ከመጠን በላይ ፍቀውት የጎሹን አንድ የፊት እግር አብረው አጠፉት። ከዚያ ማኅተም የወጡት ባለ 5 ሳንቲሞች ውድ ስለ ሆኑ፤ አታላዮች የጤነኛውን ሳንቲም እግር እየፋቁ መሸጥ ጀመሩ። ይሁን እንጂ እውነተኛው ጎሽ እግሩ ቢጠፋም ሰኮናው መሬት ላይ ቀርቷል፤ ከሆዱም በታች እስከ መሬቱ ድረስ የሚወርዱ ከፍ ከፍ ያሉ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉት። የሚፍቅ ሰው ብረት ይቀንሳል እንጂ ከፍ ያለ ነጠብጣብ ሊጨምር አይችልም። ይህን ምሳሌ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ስለ ማግኔትም ጥቂት ልጨምር። በጦርነቱ ጊዜ መዳብ እንዳያልቅ ሲባል የ1943 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም ዚንክ ከተቀባ አረብ ብረት ተሠራ፤ ጥቂቶች ግን በስሕተት በተረፈው የመዳብ ልሙጥ ላይ ተመቱ። የብረቱ ክብደት 2.7 ግራም፤ የመዳቡ 3.11 ግራም ነው። መዳብ ተቀብቶ የሚቀርበው ሐሰተኛ በማግኔት ሲሳብ ወዲያው ይጋለጣል። ይህን ያወቁ ሌሎች አታላዮች ደግሞ የ1948ን የመዳብ ሳንቲም ወስደው 8ቱን እየቀረፉ 3 አደረጉት፤ እዚህ ማግኔቱም ሚዛኑም ዝም ይላሉ፤ ዳኛው የቍጥሩ ቅርጽ ነው። በአገራችንም የ1969 ዓ.ም. ባለ 10 ሳንቲም ከናስ ስለ ተሠራ ማግኔት አይስበውም፤ በኋላ የተመቱት ግን ውስጣቸው አረብ ብረት ሆኖ ላያቸው በናስ የተለበጠ ስለሆነ ይሳባሉ። አንዱ ተስቦ ሌላው ባለመሳቡ ብርቅ ነገር አገኘሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ልባጡ በአሲድ ወይም በእሳት ሲላጥ ቀለሙ የሚለወጠውም ሳንቲም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጉዳት እንጂ ሌላ አይደለም።

ስሕተትም ጉዳትም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የ1936 ዓ.ም. ቀን ያላቸው የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ቀናቸው ሳይለወጥ ተመትተዋል፤ ስለዚህ 1936 የሚል አዲስ የሚመስል ሳንቲም ማግኘት ድንቅ አይደለም። ጠገራ ብርም ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ፤ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ካረፉ ወዲህ፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፤ በለንደንና በቦምባይ ጭምር ያንኑ 1780 ይዞ ሲመታ ኖሯል። አያቶቻችን ይህን ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይመረምሩ እንደ ነበር ይታወቃል፤ እኔ በማጉያ መነጽር የምደክምበትን እነርሱ በባዶ ዐይናቸው ያደርጉት ነበር። የ1936 ዓ.ም. ባለ 25 ሳንቲምም በመጀመሪያ ክብ ነበረ፤ ከብር በተሠራው ባለ 50 ሳንቲም እየተምታታ ስላስቸገረ በ1952 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ፤ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል በተከረከመው ተተካ። ይህን የማያውቅ ሰው ጠርዙን አይቶ አንድ ባለ ሞረድ የቈራረጠው ሊመስለው ይችላል። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ የውጭ አገር መምቻ ቤቶች ስለ ተመቱ የአንበሳው ራስ ትልቅና ትንሽ፤ ጢሙም ረጅምና አጭር ሆኖ ይገኛል።

የተበሳ ሳንቲም ይዘው ለሚመጡ አንድ ቃል ብቻ አለኝ። ጠገራ ብር የተበሳው ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት በአንገት ሊታሰር ነው። በቀዳዳው ዳር ብረቱ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ይታያል፤ ክሩ የበላውም ስፍራ ከላይ በኩል ሰልሏል። እንዲህ ያለውን ሰብሳቢ «ጉዳት» ይለዋል፤ የአያትን ጌጥ የያዘች ልጅ ግን በዚህ ስም ልትስማማ አይገባትም፤ እኔም አልስማማም።

በዚህ ዓመት ከእረፍት ሰዓት በኋላ ዘወትር ዐርብ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እገኛለሁ። እንግዳ ሳንቲም ያለው ጓደኛ ቢያመጣው በደስታ አብረን እናየዋለን። ስታመጡት ግን ከአንድ ዐይነት፤ ከአንድ ዓመት የሆነ ጤነኛ ወንድሙን ጨምራችሁ አምጡ፤ ለብቻው የሚታይ ሳንቲም ብዙ አይናገርም። ደግሞም በሎሚም ሆነ በአመድ አትፈትጉት፤ የተፈተገ ሳንቲም ላይ የሞረድን ጭረት ከፍትጊያው ጭረት ለይቶ ማየት በጣም ያስቸግራል።